በመሥሪያ ቤት ወርኃዊ የእንቆቅልሽ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

ለሥራ ባልደረቦች በየወሩ አንድ አእምሮን የሚያሠራ ጥያቄ ማቅረብ ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ጥያቄ ይመርጣል፣ ሌሎች ይመልሳሉ፣ ያሸነፈ ይሸለማል። ሆኖም እንዲህ ያለው ውድድር ብዙ ጊዜ በሞቀ ስሜት ይጀመርና ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳያስተውለው ይቀራል። አዘጋጁ ከወር ወር ጥያቄውን እያከበደ ሲሄድ ከሒሳብ ወይም ከምሕንድስና ክፍል ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ይመልሱታል፤ የቀረው ሠራተኛ ደግሞ ጉዳዩ እርሱን እንደማይመለከተው ይደመድማል። ስለዚህ አዘጋጁ ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ነገር ውድድሩ ለማን እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት ውድድሩ መሰናዳት ያለበት ለማያሸንፉት ሰዎች ነው። ጥሩ የወር ጥያቄ፣ ያልፈታው ሰው በሻይ ሰዓት አንስቶ የሚከራከርበት፣ መልሱን ሲሰማ «ለካ እንዲህ ነው!» ብሎ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን የሚጠይቅበት ጥያቄ ነው።

ጨዋታው ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እያልን፣ መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» ተብለን ጎንደርን ወይም ሐረርን እየሰጠን ያደግን ብዙዎች ነን። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤት የሚሆኑ ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ መልስ ያጣ ሰው አገር ሰጥቶ ይቀጥላል እንጂ ከጨዋታው አይወጣም፤ ማንም አያፍርበትም። ሁለተኛው፣ ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አንድ አዘጋጅ እነዚህን ሁለቱን ቢያከብር ከሚሠራቸው ስሕተቶች አብዛኛዎቹ ይቀንሱለታል።

ጥያቄ ስለ መምረጥ

ጥያቄ ሲመረጥ ዓይነቱን ማፈራረቅ ያስፈልጋል። አንድ ወር የሎጂክ፣ አንድ ወር የቁጥር፣ አንድ ወር የቃል፣ አንድ ወር የቦታና የቅርጽ ጥያቄ ቢወጣ፣ በአንዱ የደከመ ባልደረባ በሌላው ይበረታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄው የትምህርት ቤት ቀመር የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ማሰብን የሚጠይቅ ቢሆን ይመረጣል።

ለመጀመሪያው ወር የምመክረው የዘጠኙን ሳንቲሞች ጥያቄ ነው። መልካቸውና መጠናቸው አንድ የሆነ 9 ሳንቲሞች አሉ፤ አንዱ ሐሰተኛ ነው፣ ከሌሎቹም ትንሽ ይቀልላል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ተሰጥቷችሁ፣ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቅማችሁ ሐሰተኛውን ለዩ። ብዙ ሰው ወዲያው አራት በአራት መመዘን ይጀምርና አንድ ምዘና ያጥረዋል። መፍትሔው ሳንቲሞቹን ሦስት ሦስት አድርጎ መክፈል ነው። ሁለቱ ክምሮች ሲመዘኑ አንዱ ከቀለለ ሐሰተኛው እዚያ ውስጥ ነው፤ እኩል ከሆኑ በሦስተኛው ክምር ውስጥ ነው። ከተገኙት ሦስት ሳንቲሞች ደግሞ ሁለቱን አንድ በአንድ በመመዘን ይለያል። ይህን ጥያቄ የምወደው ከመልሱ በስተጀርባ አንድ ሐሳብ ስላለው ነው። ሚዛን በአንድ ምዘና ሦስት ዓይነት ውጤት ይሰጣል፤ በሁለት ምዘና ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፣ በሦስት ምዘና ደግሞ ሃያ ሰባት ይሆናል። ይህን የተረዳ ባልደረባ ለ27 ሳንቲሞች ያለ ማንም እርዳታ መልሱን ይነግራችኋል።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። ጀልባዋ ከሰውየው ጋር አንዱን ብቻ ትይዛለች፤ ሰውየው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ቅጠሉን ትበላለች። ይኸው ጥያቄ በአውሮፓ ከ1,000 ዓመት በፊት በተጻፈ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን ሆኖ ይገኛል። መልሱ ሰባት ጉዞ ሲሆን፣ ቁልፉ አንድ ጊዜ የተሻገረችውን ፍየል መልሶ ማምጣት ነው። ጥያቄው የታወቀ ስለሆነ እንዳለ ማቅረብ አይጠቅምም። ነገር ግን አንድ ቃል ብቻ ለውጣችሁ «ጀልባዋ ከሰውየው ጋር ሁለቱን ትይዛለች» ብላችሁ አቅርቡት። ሰውየው ነብሩንና ቅጠሉን ወስዶ፣ ብቻውን ተመልሶ፣ ፍየሏን ያመጣል፤ በሦስት ጉዞ አለቀ። ጥያቄውን ሳያነብ ከትዝታው የመለሰ ሁሉ ግን «ሰባት» ብሎ ይጽፋል። የታወቀን ጥያቄ እንዲህ ማሻሻል አዲስ ከመፍጠር ይቀልላል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ ያልተነካ የጥያቄ ምንጭ ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች ሁሉም 30 ቀን ስላላቸው ስሌቱ በጣም የጠራ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለ፤ የቀን መቁጠሪያ ሳታዩ ግንቦት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ምን ቀን እንደሚውል ተናገሩ የሚል ጥያቄ ማንንም አያገልልም። 30 ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ከቀዳሚው ሁለት ቀን እየገፋ ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው፣ ግፊቱ 16 ቀን ይሆናል፣ ከ16 ላይ 14ቱ ሙሉ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ሁለት ቀን ይተርፋል፤ መልሱ ቅዳሜ ነው። ከዚህም ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። መስከረም 1 በዋለበት ዕለት ሁልጊዜ የሚውለው የየትኛው ወር መባቻ ነው? ሚያዝያ ነው፤ ከመስከረም ሰባት ወር ስለሚርቅ ግፊቱ ልክ 14 ቀን ነው። ይህን በየዓመቱ እያዩት ልብ ያላሉት ሰዎች ሲሰሙ የሚያሳዩት መደነቅ ለአዘጋጁ ትልቅ ደስታ ነው።

ከቁጥር ጥያቄዎች መካከል በሒሳብ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ የሚጠራው ዘዴ ሊታለፍ አይገባውም። 13ን በ27 ለማባዛት 13ን እያጋመሱ (ትራፊውን እየተዉ) በአንድ ረድፍ፣ 27ን በእጥፍ እያሳደጉ በሌላው ረድፍ ይጽፋሉ። በግራ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ በቀኝ 27፣ 54፣ 108፣ 216 ይሆናል። በግራ ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ቁጥር ያለበት መስመር፣ ማለትም የ6 መስመር፣ ይሰረዛል፤ የቀሩት የቀኝ ቁጥሮች 27፣ 108 እና 216 ሲደመሩ 351 ይመጣል። ለባልደረቦች የሚቀርበው ጥያቄ «ለምን ይሠራል?» የሚለው ነው። መልሱ 13 የ8፣ የ4ና የ1 ድምር መሆኑ ላይ ነው፤ ስሌቱ 27ን አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜና ስምንት ጊዜ ወስዶ ይደምራል። ይህ ጥያቄ ከበድ ስለሚል በዓመቱ አጋማሽ፣ ሰው ከተለማመደ በኋላ ቢወጣ ይሻላል።

ለመከራከር የሚመች ጥያቄ ከፈለጋችሁ ደግሞ የጠፋችው አሥር ብር አለች። ሦስት ባልደረቦች ለምሳ መቶ መቶ ብር አዋጡ። ሒሳቡ 250 ብር ሆነ። ከተመለሰው 50 ብር ላይ አሥር አሥር ብር ወስደው 20 ብር ለአስተናጋጁ ጉርሻ ሰጡ። እንግዲህ እያንዳንዳቸው 90 ብር ከፈሉ፤ ሦስት ጊዜ 90 ማለት 270 ነው፤ የአስተናጋጁ 20 ሲጨመር 290 ይሆናል። አሥር ብሯ የት ገባች? የትም አልገባችም፤ 270 ብር ውስጥ የአስተናጋጁ 20 አስቀድሞ አለ፣ ስለዚህ ዳግም መደመር የለበትም። 300 ለማግኘት 270 ላይ የሚደመረው በኪሳቸው የተመለሰው 30 ብር ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የፋይናንስ ክፍል ሠራተኞች ሳይቀሩ ለጥቂት ደቂቃ ግራ ሲጋቡ ይታያል።

የቃል እንቆቅልሾችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ አቅርቦ ኅብረ ቃሉን ማስፈለግ የሚያስደስት ቢሆንም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌላ የሆነ ባልደረቦች ባሉበት መሥሪያ ቤት የቃል ጥያቄ በየወሩ ቢደጋገም ሚዛኑ ያጋድላል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ እያንዳንዱ ባልደረባ በአካባቢው የሚታወቅ እንቆቅልሽ በራሱ ቋንቋ አምጥቶ ከትርጉሙ ጋር እንዲያቀርብ አንድ ወር መመደብ በጣም የምደግፈው ሐሳብ ነው።

ጥያቄውን ስለ መጻፍና ስለ መፈተን

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከአጻጻፍ ጉድለት ነው። «አንድ ምሰሶ ብቻ ያላት ጎጆ ምንድን ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ እንጉዳይ፣ ሌላው ጃንጥላ ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አዘጋጁ በልቡ ያሰበውን አንዱን ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ቢጥል ሰው በውድድሩ ላይ ያለውን እምነት ያጣል። ስለዚህ ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት ለሁለት ሰዎች ይሰጥ። እነዚህ ሰዎች በዚያ ወር አይወዳደሩም። ጥያቄውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበው የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር ይናገሩ፤ አዘጋጁ ያላሰበው ትርጉም ከወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይስተካከል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ያልታሰበ ነገር ግን የጥያቄውን ቃል የሚያሟላ መልስ ቢመጣ፣ ደንቡ አንድ ነው፤ ትክክል ተብሎ ይያዝ፣ ጉድለቱም የአዘጋጁ ነው።

ከጥያቄው ጋር ሁለት ፍንጮች አብረው ይዘጋጁ። ጥሩ ፍንጭ የመልሱን ግማሽ አይናገርም፤ ሰውየው ማየት ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል። ለሳንቲሞቹ ጥያቄ «ሁለት ክምር ብቻ ለምን?» ማለት ይበቃል፤ ለግንቦቱ ጥያቄ «30 ለ7 ሲካፈል ስንት ይቀራል?» ማለት ነው።

የወሩ አካሄድ

ጥያቄው በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ቢወጣ፣ የመጀመሪያው ፍንጭ ከሳምንት በኋላ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ቢሰጥ፣ መልስ መቀበያው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ቢዘጋ፣ ማብራሪያው ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሆን የሥራውን ጊዜ አይነካም። ለማብራሪያው ዓርብን ያልመረጥሁት በብዙ መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ሰዓት ስለሚረዝምና የጁምዓ ሰላት ስላለ ነው። ሻይና ቆሎ የሚቀርብ ከሆነ ጾም ላይ ያሉትን ማሰብ ይገባል። በረመዳን ወር ያለ መስተንግዶ ማድረግ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅቤና ወተት የሌለበትን መምረጥ ቀላል ነገር ነው፤ ሳይታሰብ ሲቀር ግን የሚያስቀይመው ብዙ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ ማንም ጊዜ የለውም፤ ለዚያ ወር በአንድ ደቂቃ የሚፈታ ቀላል እንቆቅልሽ ማውጣት ብልህነት ነው።

ጥያቄው በቴሌግራም ቡድን ብቻ ከተለቀቀ ግማሹ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ውጭ ሆኗል ማለት ነው። በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በትልቅ ፊደል ይለጠፍ። ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ሾፌሮች መልሳቸውን በቃል ለአንድ ሰው እንዲነግሩ ይፈቀድ፤ ሰሚው ጽፎ ያስገባላቸው። ጋቢና ውስጥ አለቃ ሲጠብቅ የሚውል ሾፌር ለእንቆቅልሽ ከማንም የተሻለ ጊዜ አለው። መልስ በቡድኑ ውስጥ እንዳይጻፍ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ለአንድ መልስ ሰብሳቢ ብቻ ወይም በታሸገ ሳጥን ይግባ።

ኃላፊዎች ቢወዳደሩ መልካም ነው፣ ዳኛ መሆን ግን የለባቸውም። የተሳሳቱ ሰዎች ስም በምንም ዓይነት አይለጠፍ። ትክክል የመለሱት ስም በፊደል ተራ፣ ያለ ማዕረግ ይውጣ።

ስለ ስልክና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ዛሬ ማንኛውንም የታወቀ ጥያቄ በስልክ ፈልጎ ወይም ቻትጂፒቲን ጠይቆ መልሱን ማግኘት ይቻላል። ይህን በክልከላ ለማስቆም መሞከር ባልደረባን በባልደረባ ላይ ጠባቂ ማድረግ ስለሆነ አልደግፈውም። የሚሻለው ጥያቄውንና አመዘኑን መለወጥ ነው። ከመልሱ ጋር አካሄዱም እንዲጻፍ ይጠየቅ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለአካሄዱ ይሁን። አንዳንዱን ጥያቄ ከራሳችሁ ሕንፃ፣ ከደረጃው ብዛት፣ ከሰርቪስ መኪናው መሥመር ላይ ሥሩት። ለምሳሌ የሰርቪሱን ፌርማታዎችና የሚያገናኟቸውን መንገዶች ዘርዝራችሁ አንዱንም መንገድ ሳይደግሙ መንገዶቹን ሁሉ የሚያዳርስ መሥመር ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። የሒሳብ ሊቁ ሌኦንሃርድ ኦይለር በ1736 እ.ኤ.አ. ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች የመረመረው ጥያቄ ከዚህ ዝርያ ነው። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም ማዳረስ እንደማይቻል ያረጋገጠው፣ ከአንድ ሥፍራ የሚወጡት መንገዶች ብዛት ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑን በመቁጠር ነበር። ይኸው ቆጠራ ለሰርቪሱም ይሠራል። በማብራሪያው ቀን ደግሞ ስልክ ሁሉ ተቀምጦ በአምስት ደቂቃ የሚፈታ አንድ የቃል ጥያቄ ይጨመር።

ነጥብና ሽልማት

የዓመቱን ነጥብ ከመስከረም ጀምሮ መደመር ዘግይቶ የገባውን ተስፋ ያስቆርጣል። ዓመቱን በአራት አራት ወር ከፍሎ በሦስት ዙር ማካሄድ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከዜሮ መጀመር ይሻላል። ትክክለኛ መልስ ሦስት ነጥብ፣ የተሳሳተ ቢሆንም በጎ አካሄድ ያለው ሁለት፣ የሞከረ ሁሉ አንድ ያግኝ። ለፍጥነት ነጥብ አይሰጥ፤ ፍጥነት ሲሸለም ማሰብ ይቀራል፣ በመስክ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሁልጊዜ ይሸነፋል።

የወሩ ሽልማት አንድ ኪሎ ቡና፣ መጽሐፍ ወይም የሞባይል ካርድ ቢሆን በቂ ነው። ትክክል ከመለሱት ሁሉ መካከል በዕጣ ቢወሰን አንድ ሰው ደጋግሞ አይወስደውም። ከተወዳዳሪዎች ገንዘብ መሰብሰብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሰው ከፍሎ በዕጣ ሲወስድ ነገሩ ቁማር ይሆናል። ወጪውን መሥሪያ ቤቱ ወይም የሠራተኞች ማኅበሩ ይቻል።

ጥያቄ የማውጣቱ ተራ ደግሞ እንደ ዕቁብ ይዙር። አንድ ወር የመዝገብ ቤት፣ አንድ ወር የግዥ ክፍል፣ አንድ ወር የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ያውጣ። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ከያዘው ጥያቄው የእርሱን ጠባይ ብቻ ይይዛል፤ እርሱ ሲቀየር ወይም ሲታመም ውድድሩ ይቆማል።

የማብራሪያው ቀን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። መልሱን አዘጋጁ አይናገር፤ ከፈቱት አንዱ ወጥቶ በሰሌዳው ላይ ያሳይ። ከዚያም በሌላ መንገድ የፈታ ካለ ይጠየቅ፣ ስሕተት ግን ማራኪ የሆነ አካሄድ ያመጣም በፈቃዱ ቢያስረዳ ይበረታታ። ሳንቲሞቹን በእጅ ይዞ፣ ነብሩን፣ ፍየሏንና ቅጠሉን በሦስት ስኒ ተክቶ በጠረጴዛ ላይ ማሳየት ከብዙ ንግግር ይሻላል። ማንም ካልፈታው አዘጋጁ «አገር ስጡኝ» ብሎ ከተማ ያስመርጥ፤ የተሰጡት አገሮች ስም በሰሌዳው ጥግ እየተጻፈ ይቆይ። እነዚያን አገሮች ለማስመለስ ሠራተኞች በሚቀጥለው ወር የበለጠ ይተጋሉ።

የጳጉሜን ዙር

ጳጉሜን አጭር ስለሆነች የዓመቱ ማጠቃለያ እንድትሆን የተሠራች ትመስላለች። አምስት ቀን ስትሆን በየቀኑ አንድ አጭር ጥያቄ ይውጣ፤ ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ፣ ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም.፣ አንድ ይጨመር። በመጨረሻው የሥራ ቀን ሁሉም በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ የልደት ቀን ሙከራ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን ወርና ቀን ብቻ፣ ዓመቱንና ስሙን ሳይጽፍ፣ በወረቀት ላይ ያስፍር። ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ ሁለቱ ይገጥማሉ ወይስ አይገጥሙም ብላችሁ እጅ አስወጡ። 23 ሰዎች ሲኖሩ የመግጠም ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል፤ 23 ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው 253 ጥንድ ስለሚሠሩ ነው። የልደት ቀኑን በእርግጠኝነት የማያውቅ ባልደረባ ሊኖር ስለሚችል ተሳትፎው በፈቃድ ይሁን፤ ለእርሱ ቁጥር አውጥቶ በዕጣ ቀን መስጠትም ይቻላል።

በዓመቱ ውስጥ የወጡት ጥያቄዎች፣ የተሰጡት ፍንጮች፣ ስንት ሰው እንደሞከረና ስንት እንደመለሰ፣ የተነሣው ክርክርና የተሰጠው ውሳኔ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። አዲሱ አዘጋጅ ከመስከረም በፊት ደብተሩን ሲረከብ የትኛው ጥያቄ ሰውን እንዳነጋገረና የትኛው በዝምታ እንዳለፈ ያያል፤ የመጀመሪያውንም ጥያቄ ብዙ ሰው ከሞከረው ዓይነት ይመርጣል።